ከልጄ ጽሑፍ የቀደድኩት ገጽ

እዚህ የምጽፈውን ነገር አምስት ዓመት ሙሉ ከአንደበቴ አላወጣሁትም። ሚስቴ አታውቅም ነበር። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ ይህን ብቻ ወደ ኋላ አስቀር ነበር፤ ምክንያቱም የዋሸሁት እሳቸውን ነው። የዋሹትን ሰው ፊት ለፊት አይቶ «ዋሽቼዎታለሁ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ማንም ሁኑ ማን፣ እንደ ንስሐ አባት ስሙኝ።

ልጄን ጋኔን አለባት ብዬ ጠበል አስጠመቅኳት። ጋኔን እንደሌለባት ግን አውቅ ነበር። በደሌ ይህ ነው።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለራሴ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ስመጣ የማውቀው እንግሊዝኛ ሰላምታና ቁጥር ነበር። መጋዘን ውስጥ እየሠራሁ፣ በእረፍት ሰዓት መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ፣ ያላወቅኩትን ቃል መዳፌ ላይ እየጻፍኩ ጋዜጣ ለማንበብ በቃሁ። በዚህ እኮራለሁ። ኩራቴ ግን ቤት ውስጥ ሌላ መልክ ነበረው። ያኔ የምንኖረው ራንድል የሚባል ሰፈር ነበር። ከእራት በፊት ትልቋ ልጄ ሶልያና ቆማ መዝሙረ ዳዊት በአማርኛ ታነባለች። ከተሳሳተች ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ወጡ ይቀዘቅዛል፤ እናቷ ትርሲት ዝም ትላለች፤ ትንሿ ኤደን እጇን ታጥባ ትጠብቃለች። የሶልያና ድምፅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር «አሁን ልብሽ ተነካ» እላለሁ። ልቧ ነበር የተነካው? የፈራ ልጅ ድምፅ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። እኔም አባቴ ፊት እንደዚያ እንቀጠቀጥ ነበር።

ሶልያና አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት የእንግሊዝኛ መምህሯ አንድ ሥራ ሰጠቻቸው። ከሚያዩት ተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል መርጠው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለን አንድ ሰው ጠባይ እንዲተነትኑ ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ታርሞ የተመለሰውን ወረቀት የልብስ ማጠቢያው ላይ አገኘሁት። ሽፋኑ ላይ ጠጉሯ የረጠበ፣ ዓይኗ የነጣ ልጅ መዳፏን መስኮት ላይ አድርጋ ቆማለች። ደነገጥኩ። ያን ጊዜ የፈራሁት የእውነት ነው፤ አማተብኩ።

ድራማው ለወጣቶች የተሠራ ነው። ሐይቅ ውስጥ ሰምጣ የሞተች ልጅ ወደ ሰፈሯ ትመለሳለች። ጓደኞቿ ያይዋታል፣ ትልልቆቹ አያይዋትም። ሶልያና በመረጠችው ክፍል ልጅቷ ወደ ቤቷ ትመጣለች፤ አባትየው ደግሞ መስኮቱን ሁሉ በሚስማር መትቶታል። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይጠቅምም ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ተናዘዝኩ ማለት ሐሳቤን ሁሉ ጣልኩ ማለት አይደለም። ግን ሶልያና የጻፈችው ስለ ሙቷ ልጅ አልነበረም። የጻፈችው ስለ አባትየው ነው።

ወረቀቱን ሁለት ቀን ከመዝገበ ቃላት ጋር አነበብኩት። አራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፦

«ይህ አባት ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ይወዳታል፣ ይፈራታልም። ስትናገር ቃሏን አይሰማም፤ ከድምፅዋ ኋላ ሌላ ማን እንዳለ ነው የሚያዳምጠው። ከእራት በፊት አቁሞ ያስነብባታል፤ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ደስ ይለዋል። ስለዚህ ልጅቷ በመጨረሻ እሱ በሚፈራው ድምፅ ተናገረች። በሌላ ድምፅ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም።»

መምህሯ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ጎኑ ላይ ጽፋለች፦ «ጥሩ አስተውሎት ነው። የሚያስነብባት ትዕይንት ግን የቱ ጋ ነው? እኔ አላየሁትም።»

እኔም ፈለግኩት። ከሥራ ነፃ በሆንኩበት ቀን፣ ሁሉም ሲወጡ፣ በጠራራ ፀሐይ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ያንን ክፍል አየሁት። ልጅቷ ከውጭ ሆና በታፈነ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ «አባዬ፣ መስኮቱን ክፈትልኝ፤ ውሃው ውስጥ ነኝ» ስትል ድምፁን ቀነስኩት። አቁሞ የሚያስነብብ አባት ግን የለም። እንደገና ከመጀመሪያው አየሁት፣ በዚህኛው ጊዜ እርሳስ ይዤ። የለም። ያ ትዕይንት ያለው ራንድል፣ እኛ ቤት ነው።

ሶልያና ከትምህርት ቤት ስትመጣ «እንዲህ ነው የማስፈራሽ?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ለምን አልጠየቅኳትም? ፈራሁ። ሙቷን ልጅ አይደለም የፈራሁት። ልጄ እንዳየችኝ ፈራሁ። መምህሯ እንዳየችኝ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው እንደሚያየኝ ፈራሁ። አራተኛውን ገጽ ቀደድኩት። አጥፌ የሥራ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። የቀረውን፣ ሥዕሉንና ስለ ሙቷ ልጅ የተጻፈውን፣ ወስጄ ለትርሲት አሳየኋት።

«ይህን ሶሊ ናት የጻፈችው?» አለችኝ።

«በእጇ።»

«ምን ነክቷት ነው?»

«አንቺው ገምቺ» አልኳት። ገጹ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ንስሐ አባታችን፣ አባ እላቸዋለሁ፣ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ላይ ምንም አልፈርድም። «ሐኪም አይቷታል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «አይቷታል አባ፣ ምንም አላገኘም» አልኩ። አላያትም። እንቅልፏን ጠየቁኝ። «አትተኛም፤ ብቻዋን ታወራለች» አልኩ። ትተኛ ነበር። ብቻዋን ስታወራ የሰማኋት አንድ ቀን ለፈተና ስታጠና ነው። አባም ሰባት ቀን ጠበል አዘዙላት። መጋቢት ውስጥ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሳምንት ነበረና ጊዜውም ተመቸ።

በመጀመሪያው ቀን መኪና ውስጥ ሶልያና ከኋላ ሆና «አባዬ፣ እኮ ኤሴይ ነው፣ የትምህርት ቤት ሥራ። ሙሉውን አንብበኸዋል?» አለችኝ።

«ያነበብኩት ይበቃኛል።»

በሁለተኛው ቀን «እማ ያሳየችኝ ወረቀት ላይ አንድ ገጽ የለም» አለች። ዓይኗን በመስታወቱ አየሁት። «እኔ ምን አውቄ» አልኳት።

ጠበሉ የሚደረገው ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነው። እህል ሳትቀምስ፣ እናቷ በአንድ ወገን፣ እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ የምድር ቤቱ አገልጋይ በሌላ ወገን ይይዟታል፤ አባ ይጸልያሉ፣ ውሃው ይፈስሳል። ስንወጣ መኪናው ጋ እስክንደርስ የጠጉሯ ጫፍ በረዶ ይይዛል። ኤደን ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤት የሚጠብቃት ስለሌለ ይዘናት እንሄዳለን፤ ከነጃኬቷ የምትታጠፍ ወንበር ላይ፣ ከእህቷ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ትቀመጣለች።

አራት ቀን ሶልያና አለቀሰች፣ ተንቀጠቀጠች፣ አንድ ቃል ግን አልወጣትም። እትዬ ጥሩነሽ «ዝም ያለ ነው የሚከፋው፤ ካልለፈለፈ ሰባቱ ቀን አሥራ አራት መሆኑ ነው» አሉ። ሶልያና ሰማች። እኔም መስማቷን አየሁ።

በአምስተኛው ቀን አባ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው «ማን ነህ?» ሲሉ ቀና አለች። ወደ አባ አልነበረም ያየችው። በአዳራሹ ማዶ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረች። በታፈነ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ «አባዬ፣ መስኮቱን ክፈትልኝ፤ ውሃው ውስጥ ነኝ» አለች።

«ተናገረ፤ ብዬ ነበር፣ የባሕር ጋኔን ነው» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። እልል ተባለ። ትርሲት በጉልበቷ ወደቀች። የኤደን ወንበር ተገለበጠ። በዚያ ምድር ቤት ውስጥ እነዚያ ቃላት ከየት እንደመጡ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እሷና እኔ። «አቁሙ፣ ልጄ ናት» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? አላልኩም። ዓይኗን እያየሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። እሷም ያን ጊዜ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። ወደ አባ ዞራ «ለቀቀኝ» አለች።

ይህ ሳያንሰኝ፣ እሑድ ጉባኤ ላይ ቆሜ መሰከርኩ። ወላጆች ልጆቻችሁ የሚያዩትን እዩ ብዬ መከርኩ። ሰዎች ትከሻዬን ሳሙኝ። «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ አባት ይብዛልን» አሉኝ። እኔ ተቀበልኩት። ሶልያና ከዚያ ወዲህ አልተከራከረችኝም። ዳዊቱን አንድም ሳትሳሳት፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ታነብልኝ ጀመር። አሥራ ስምንት ሲሞላት ለትምህርት ቫንኩቨር ሄደች። የምትደውለው ለእናቷ ነው።

አሁን የምንኖረው እዚያው ካልጋሪ፣ ሳቫና የሚባል ሰፈር ነው። ኤደን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር እናቷን «ጠበል ውሰዱኝ» አለቻት። ክፍል ውስጥ ልቧ እየደለቀ ትንፋሽ ያጥራታል። መስኮት አጠገብ አትቀመጥም። ከሶሊ የወጣው ወደ እኔ ገባ ብላ አምስት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳትናገር ፈርታ ኖራለች። «ቅርብ የነበረው የእኔ ወንበር ነው» አለች። ትርሲት ከአባ ጋር ተነጋግራ ለቅዳሜ ቀጠሮ ያዘች። ኤደን ደግሞ ማዕድ ላይ ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ ሶሊን ያዳንካት አንተ ነህ አይደል? እኔንም ታድነኛለህ?» አለችኝ።

ጉርሻዬን ትሪው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ጋኔን የለም፤ እኔ የፈጠርኩት ፍርሃት ግን ከአንዷ ልጄ ወጥቶ ሌላዋ ውስጥ አድጓል። ቅዳሜ ደግሞ እኔው በመኪናዬ ልወስዳት ነው።

ዓርብ ዕለት ከሺፍቴ ስወጣ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ለሶልያና ደወልኩ። የመጀመሪያ ቃሏ «እማ ደህና ናት?» የሚል ነበር። እኔ ደውዬላት አላውቅማ።

«ደህና ናት። ያ የጎደለው ገጽ እኔ ጋ ነው። የቀደድኩት እኔ ነኝ። ጋኔን እንደሌለብሽ አውቅ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እንደምታውቅ። ድራማውን ያየኸው ቲቪው ላይ በራስህ ፕሮፋይል ነው እኮ፣ አባዬ። ካየሃቸው ዝርዝር ውስጥ በዜናውና በስብከቱ መሃል ቁጭ ብሎ ነበር። እማ ደግሞ ሪሞት አትነካም።» የሳቀች መሰለኝ።

«ታዲያ ለምን በዚያ ድምፅ ጮኽሽ?»

«ታስቆመዋለህ ብዬ። ማለቴ፣ እዚያ ካለው ሰው የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ አይደል? በቃ ትላለህ ብዬ ጠበቅኩህ።»

ስለ ኤደን ነገርኳት። ድምፅዋ ተለወጠ።

«ዛሬ ንገራት። ነገ አይደለም። ደግሞ ላንቺ ብዬ ነው እንዳትላት።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።»

«መጀመሪያ ኤደን» አለችና ዘጋችው።

ቤት ደርሼ ትርሲትንና ኤደንን አስቀመጥኳቸው። ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ለእኔ ሁለት ቀን የፈጀብኝን ኤደን አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቃል አላሳመርኩም። ትርሲት አፏን በነጠላዋ ይዛ ተነሥታ ሄደች።

«ታዲያ ያኔ የጮኸው ማን ነው?» አለች ኤደን።

«እህትሽ ናት።»

«እኔ ውስጥስ?»

«ምንም የለም። ኖሮም አያውቅም።»

«ልቤ ለምንድን ነው እንዲህ የሚመታው?»

«ከፍርሃት ነው። ሐኪም ጋ እወስድሻለሁ።»

ገጹን አጥፋ ያዘች። «ከእማ ጋ እሄዳለሁ» አለች።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት ብቻዬን ነው። አባ እስክጨርስ ሰሙኝና «ሐኪም አይቷታል ብለኸኝ ነበር» አሉ። በመሰከርኩበት ቦታ ቆሜ ምስክርነቴን እንድመልስ አዘዙኝ። እቆማለሁ። ያኔ አፌ እንዳይከዳኝ አስቀድሜ ይኸው ጻፍኩት።

አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። ለልጆቼ ብዬ ነው ማለትም አልችልም፤ ለስሜ ብዬ ነው። ምሕረትን ከእግዚአብሔር እለምናለሁ፤ ከእናንተ ግን ይቅርታ አልጠይቅም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለምና። ትርሲት እስካሁን አላናገረችኝም። ሶልያና አልደወለችም። ኤደን ሐኪም ማየት ጀምራለች፤ ጋኔኑን እንደማትፈራ ሐኪሟ ነግረውኛል። ሳሎን ከእናቷ ጋር ስትጫወት ድምፅዋን ከላይ እሰማዋለሁ። ደረጃው ላይ ኮቴዬን ስትሰማ ወሬዋን አቋርጣ እስካልፍ ትጠብቃለች። እኔም ቶሎ ብዬ አልፋለሁ።