ፑዣ የሚባለው ወንዝ

ሰፊው ሕዝብ ሚስት ያፈቅራል፤ የነቃው ወገን ፓርቲ ያፈቅራል። ታክሲ ነጂው አቶ ኣፍሮም ግን ያፈቀሩት አንድ ወንዝ ነው፤ ያውም በዓይናቸው ያላዩትን፣ ፑዣ የሚባል የደቡብ ህንድ ወንዝ።

ነገሩ የጀመረው ከረን፣ በተማሪነታቸው ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ ሚስተር ኩሪያን የኬረላ ሰው ነበሩ። መጽሐፉ ስለ ዓባይ አስተምሩ ሲላቸው በጠመኔ የመንደራቸውን ወንዝ ይስላሉ። ፑዣ ከተራራ ይነሳል፤ በሻይ ተክል መሀል ይወርዳል፤ ቤተ ክርስቲያኑን በግራ ትቶ ከኮኮናት ዛፎች ሥር ሲደርስ ይለግማል። አፉን አሸዋ ይዘጋዋል፤ ክረምት ሲገባ አሸዋውን ጥሶ ባሕር ይገባል።

አንድ ቀን ሚስተር ኩሪያን "የእናንተስ ወንዝ ማን ይባላል?" ብለው ጠየቁ።

"ሩባ" አሏቸው ተማሪዎቹ።

"የሩባ ወንዝ" ብለው በትልቁ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ሩባ በትግርኛ ወንዝ ማለት ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ማንም ግን አላረማቸውም።

ከዚያ ክፍል የቀሩት ኣፍሮም ብቻ ናቸው። ሌሎቹን ያ "የታሪክ ጎማ" የሚሉት ነገር ጨፍልቋቸው አለፈ፤ ጎማውን የገፉትም አልተረፉም። በስደት አገር፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ያለው ባለ አራት መኝታ ቤታቸው የሚያድርበት አንድ ሰው ነው። ሚስተር ኩሪያን በሕይወት ካሉ፣ ኣፍሮምን በልጅነታቸው የሚያውቁ የመጨረሻው ሰው ናቸው። ወንዙ ከተገኘ መንደሩ ይገኛል፤ መንደሩ ከተገኘ ሰውየው።

"ጋሽ ኣፍሮም፣ ጉግል እንኳ አላውቀውም አለ እኮ" ይላቸዋል የታክሲ ባልደረባቸው ጠልሀ፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ። "በህልምዎ ነው የፈሰሰው?"

"ስፔሊንጉን አበላሽተኸው ነው።"

በ2014 መጸው አንዲት ነርስ ወደ ሊትልተን ጫኑ። አገሯን ቢጠይቋት፣ ኬረላ። ፍሬን ሊይዙ ምንም አልቀራቸው።

"ፑዣን ታውቂዋለሽ?"

"የትኛውን ፑዣ፣ አንክል?"

"ወንዙን ነዋ።"

"ፑዣ ማለት እኮ በእኛ ቋንቋ ወንዝ ማለት ነው። ከአርባ በላይ አለን።"

ከተራራው አንስተው እስከ ባሕሩ ድረስ ተረኩላት። ልጅቷ በትዕግሥት ሰማች።

"ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው" አለች።

"አሸዋውም?"

"አሸዋውም።"

አወረዷት። ሻንጣዋን እስከ በር ተሸከሙላት።

ወደ ተራቸው ሲመለሱ ለጠልሀ ነገሩት። የሩባን ታሪክ በቃሉ የሚያውቀው ጠልሀ መኪናው ላይ ተደግፎ ሳቀ።

"ታዲያ ሰውየውም እዚያ ቁጭ ብለው ሩባ የሚባል ወንዝ ካርታ ላይ እየፈለጉ ነው በሉኛ!"

ኣፍሮምም እንደዚያን ጊዜው መሳቅ ጀመሩ፤ መሀል ላይ ግን ሳቁ ነጠፈ።

"ማንም አላረማቸውም እኮ" አሉ።

ከፊት ያለው ታክሲ ተንቀሳቀሰ። መስኮታቸውን ዘግተው አንድ መኪና ያህል ተጠጉ።