የሽምብራና የባቄላ ምስክርነት

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎልማሳ ሰው መገናኛ ካለው መድኃኒት ቤቴ መስኮት ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «የኢነርጂ ሕክምና ጀምሬያለሁ። ሳይነኩ፣ በእጃቸው ኃይል ብቻ ነው የሚያድኑት። እና ይሄን የደም ግፊት ኪኒን ባቆመው ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። ከኋላው ሰልፍ አለ፤ ውጭ የታክሲ ረዳቶች «ገርጂ! ገርጂ!» ይላሉ። እንደ ባለሙያ መቆጣት ነበረብኝ። እኔ ግን አንድ የመስከረም ቅዳሜ ትዝ አለኝና ልቤ ዘለለች። «ይግቡና ይቀመጡ» አልኩት። ለእሱ ያወራሁለትን ለእናንተም ላውራችሁ።

ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ፣ የፋርማሲ ተማሪ ነበርኩ። የምኖረው ገርጂ፣ ከእናቴ ታላቅ እህት ከእትዬ ጥሩ ጋር ነው። እትዬ ጥሩ የራሷ ልጅ አልነበራትም፤ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ቤቷም እንደ መዝገብ ቤት ነው፤ ማንኪያ እንኳን ያለ ቦታው አይቀመጥም። የደም ግፊት ነበረባት። ታናሽ ወንድሟን ደግሞ ይኸው ግፊት ጠዋት ጥሎ ማታ ወስዶታል፤ ገና ዓመቱ መውጣቱ ነበር። እሷም እንደዚያ እንዳትሆንብኝ በጣም ስለምፈራ ኪኒኗን በየቀኑ እቆጥር ነበር። ሁልጊዜ ቁጥሩ ልክ ነው።

አንድ ቀን ቁልፍ ልተክል የመርፌ ሳጥኗን ስከፍት፣ ከክሩ ሥር ኪኒኖቹ ተደርድረው አገኘኋቸው። በየቀኑ አንድ እያወጣች እዚያ ስታስቀምጥ ኖራለች። 

«እትዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀስ በይ እንጂ፤ ምን ያስጮህሻል? ማስተር ጋ እየሄድኩ ነው።»

ማስተር የሚሉት ናትናኤል የሚባል ወጣት ነው። ሕንድ አገር ጥቂት ወራት ተምሮ መጥቶ፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ካለ ሕንፃ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቷል። በሽተኛውን ያስቀምጥና ከጀርባው ቆሞ፣ እጁን ከማጅራቱ አንድ ስንዝር አርቆ ይይዛል። የተዘጋው ኢነርጂ ይከፈታል ይላል። የእትዬ ጥሩ ጎረቤቶች በሙሉ ሄደዋል፤ ሁሉም ሙቀት ተሰማን ብለዋል።

እንዳልኳችሁ ፈርቼ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፤ ከፍርሃቱ ሥር አንድ ሌላ ነገር ይፈላብኝ ነበር። በዚያው ሰሞን አስተማሪያችን መድኃኒት እንዴት እንደሚፈተን ነግሮን ነበር፤ ግማሹ ሰው እውነተኛውን ኪኒን፣ ግማሹ ምንም የሌለበትን አምሳያውን ይወስዳል፤ የትኛውን እንደወሰደ ግን አያውቅም። ይህን የሰማሁ ቀን ከታክሲ ወርጄ እስከ ቤት ድረስ ያለውን ጭቃ ሳላየው ነው ያለፍኩት። እንዲህ ቀላል! እንዲህ ብልህ! እና አሁን የምፈትነው ነገር አገኘሁ።

በማግስቱ ቦሌ ሄጄ ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። አጭበርባሪ ፊት ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ሸሚዙን በሥርዓት የተኮሰ፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነው። ሙከራ ልሥራ ስለው አልተቆጣም።

«ደስ ይለኛል» አለኝ። «እጄ ላይ ሙቀቱን እሰማዋለሁ እኮ። ቢረጋገጥልኝ ለእኔም ጥሩ ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ጥሩ ቤት ተሰበሰብን። ስድስት ጎረቤቶቿ መጥተዋል፤ ቆሎ በትልቅ ሰሃን፣ የተቆረሰ ድፎ ዳቦ፣ ለስላሳ ቀርቧል። ሴቶቹን አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ዓይናቸውን በነጠላ ሸፍኜ አስቀመጥኳቸው፤ ተራ የሚጠብቁትም እንዳያዩ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ማስተር እጁን ይዘርጋ አይዘርጋ የሚወስነው እኔ የማወጣው ዕጣ ነው፤ ወረቀቱን ዝም ብዬ አሳየዋለሁ። መጀመሪያ የወጣው ዕጣ «የለም» ነበር። ማስተር እጁን ኪሱ ከትቶ በሩ ጋ ቆመ።

«አቤት ሙቀቱ!» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «እስከ ወገቤ ወረደ!»

ከእሳቸው በኋላ የተቀመጡት ሁሉ ሞቃቸው። እጅ ቢኖርም ሞቃቸው፣ ባይኖርም ሞቃቸው። አንዷማ «ላብ በላብ አደረገኝ» አሉ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ አሰብኩ። በእኛ ዘንድ ሰው ቤት ተጋብዞ፣ እንግዳው ቆሞ፣ ጎረቤት «ሞቀኝ» ካለ በኋላ «እኔ ምንም አልተሰማኝም» ማለት የባለቤቷን ወጥ ጨው የለውም እንደ ማለት ነው። የሚመሰክረው ሰውነታቸው ሳይሆን ይሉኝታቸው ነው። አስተማሪዬ ስለ ይሉኝታ ምንም አልነገረኝም ነበር።

ሰሃኑ ላይ ያለውን ቆሎ እያየሁ ሳለ መላው መጣልኝ። ከጓዳ ሽምብራና ባቄላ አመጣሁ። ተቀማጯ በቀኝ እጇ ሽምብራ፣ በግራ እጇ ባቄላ ትይዛለች። ከተሰማት ሽምብራ፣ ካልተሰማት ባቄላ፣ እኔ ከእጇ ሥር በያዝኩት ሲኒ ውስጥ ትጥላለች። ቃል መተንፈስ የለም። እኔ ደግሞ እጅ በተዘረጋበት ጊዜ የወደቀውን «አለ» ብዬ የጻፍኩበት ጣሳ ውስጥ፣ ባልተዘረጋበት ጊዜ የወደቀውን «የለም» ያልኩት ውስጥ እገለብጣለሁ። ተራው ደጋግሞ ዞረ፤ እትዬ ጥሩም ተራዋን እየጠበቀች ተቀመጠች። ቤቱ ጸጥ አለ። እነዚያ ሁሉ ሴቶች ዝም ብለው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ጣሳዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው። ሁለቱም ክምር ያው! እዚህም ሽምብራና ባቄላ፣ እዚያም ሽምብራና ባቄላ፤ ጽሑፉን ባላይ ኖሮ የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዘለልኩ። እውነት ነው የምላችሁ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ ዘለልኩ። ማንም የማያውቀውን ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ እጄ፣ በባቄላ አወቅኩት!

ማስተር ሁለት ጊዜ ራሱ ቆጠረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስለዚህ እትዬ ኪኒኗን ትጀምራለች!» ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አወጅኩ።

«ኪኒን አቁመዋል እንዴ?» አለ ናትናኤል ወደ እሷ ዞሮ። «በእኔ ምክንያት? እኔ ሳልጠይቅዎ... እባክዎ ይጀምሩ፤ እለምንዎታለሁ።»

እትዬ ጥሩ ተነስታ ጓዳ ገባች። ተከትያት ሄድኩ፤ አሁንም ፈገግታዬ አልጠፋም።

«አየሽ አይደል እትዬ? ምንም የለውም!»

«ሲኒውን የያዝሽው አንቺ ነሽ» አለች። «እኔ ስንት ሽምብራ ጣልኩ?»

ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። አንድም አልጣለችም። ተራዋ በደረሰ ቁጥር ባቄላ ነበር የጣለችው።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተሰምቶኝ አያውቅም» አለች። «ጤና ጣቢያ ወረቀቴን አይተው ይሸኙኛል። ያ ልጅ ግን ቁጭ ብሎ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ምን አሳሰበዎት ይለኛል። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ የለም። አንቺም ብትሆኚ ኪኒኔን ነው የምትቆጥሪው።»

ደስታዬ እዚያው ጓዳ ውስጥ ተነነ። አፈርኩ፤ አለቀስኩም። ትክክል ነበርኩ፤ እሷ ግን አሁንም ኪኒን አትወስድም።

በማግስቱ ጠዋት ሳልቆጥር፣ ውሃና ኪኒኑን ይዤ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «እንቅልፍ እንዴት ነበር?» አልኳት። መልሱን መጠበቅ አላውቅበትም ነበር፤ እግሬ ይወራጭ ነበር። ስለ ወንድሟ ማውራት ጀመረች፤ በልጅነቱ ዛፍ ላይ ወጥቶ መውረድ ስላቃተው ቀን። ስትጨርስ ኪኒኑን ከእጄ ወስዳ ዋጠች። ክፍል አረፈድኩ። በማግስቱም አረፈድኩ። ናትናኤልም በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሱ መጥቶ «እንድገመው» አለ፤ ደገምነው፤ ያው ሆነ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሠራ አላውቅም፤ ለሁለተኛ ጊዜ መምጣቱን ግን እስከ ዛሬ አደንቅለታለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ስትለካ ግፊቷ ወርዷል። ነርሷ ቁጥሩን ስትነግረን እንደገና ዘለልኩ፤ እትዬ ጥሩ «ይቺን ልጅ ያዙልኝ» አለች። ተመልሰን ስንሄድ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዝተን፣ በጥርሳችን እየፈለፈልን፣ ሁለታችንም አፋችን ጠቁሮ ቤት ገባን።

እትዬ ጥሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ያ ሰውዬ መድኃኒት ቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ «ታዲያ ያዳናት ኪኒኑ ነው ወይስ የእርስዎ ወሬ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሙያዬ ጥያቄ ነው። ኪኒኑ ግፊት እንደሚያወርድ ከእኔ በፊት ብዙዎች በጥንቃቄ ፈትነው አረጋግጠዋል። አጠገቧ መቀመጤ ምን ያህል እንደጨመረ ግን አላውቅም። ለማወቅ መንገዱ አንድ ብቻ ነበር፤ ለተወሰኑ ወራት ኪኒኑን ብቻ ሰጥቼ እሷን ብቻዋን መተው። በሕይወቴ ልሠራው እየቻልኩ ያልሠራሁት ሙከራ ያ ብቻ ነው፤ መልሱን ሳላውቅ መቅረቴም ቆጭቶኝ አያውቅም።