አንዴ እሳት፣ አንዴ በረዶ የሆነው ሻወር

ሪያድ ውስጥ ሺፋ በሚባለው ሰፈር በተቀጠርኩበት ቤት ዋናው ሥራዬ የአሠሪዬን እናት ማጠብ ነበር። ማማ እላቸዋለሁ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላላቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ውሃውን በክንዴ ለክቼ፣ ከትከሻቸው እጀምራለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ሌላ ሰው እንዲነካቸው አይፈልጉም፤ ልጃቸው እንኳ ስትሞክር "አንቺ ትቸኩያለሽ" ብለው ይመልሷታል። በዚህ ትንሽ ትንሽ እንደምኮራ አልደብቅም።

ሪያድ ላይ ብርድ ሲገባ የጣራው ታንከር ውሃ አጥንት ይሰብራል። በዚያ ሰሞን ሻወሩ ጠባዩን ቀየረ። ደህና ሞቆ ሲወርድ ድንገት ይቀዘቅዛል። ሙቁን ስጨምር ደግሞ፣ ማድ ቤት አንድ ሰው ቀዝቃዛ ቧንቧ ከከፈተ፣ እሳት ሆኖ ይመጣል። አንድ ቀን እሳቱ ማማ ትከሻ ላይ ወረደ። ጮኹ። ቆዳቸው ቀላ እንጂ አልተላጠም፤ ጩኸታቸው ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ እኔው ፊት ለልጃቸው "ይህቺ ልጅ ሁለተኛ እንዳትነካኝ" አሏት። ልጃቸውንም እምቢ ብለው አራት ቀን ሳይታጠቡ ሰነበቱ።

ልጃቸው፣ አሠሪዬ ማዳም፣ ለመፍረድ አልዘገየችም። "እጅሽ ነው እንጂ ውሃው ምን ሆኖ! እስከ ጁምዓ ካልተስተካከለ ወደ መክተብ እመልስሻለሁ" አለችኝ። መክተብ የሚሉት ያመጣኝን የሠራተኛ አገናኝ ቢሮ ነው። ይህ አስፈራኝ። የማማ ቃል ግን ከዚህም በላይ አመመኝ።

ማዳም ከባጥሐ ሰፈር ያስመጣችው የቧንቧ ሠራተኛ ያገር ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ንግግሩ ጥርት ያለ ወሎ። የማሞቂያውን ሙቀት መቆጣጠሪያ ቀየረ፤ ውሃው ግን ያንኑ ጠባዩን ቀጠለ። ሌላም ልፈትሽ ቢላት ማዳም "ኸላስ፣ ያላ!" ብላ ሸኘችው። በሩ ላይ ዕቃውን እየሰበሰበ፣

"እህቴ፣ ማሞቂያው ደህና ነው። የሆነ ቦታ ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ መስመር እየገባ ነው። መዝጊያዎቹን ተራ በተራ እየዘጋሽ ፈልጊው" አለኝ።

"እኔ የቧንቧ ሙያ የት አውቄ ወንድሜ?"

"መዝጋትና መክፈት ታውቂያለሽ አይደል?" ብሎ ሳቀብኝ።

በሸቅሁ። መብሸቅ ደግሞ ለእኔ ጥሩ መድኃኒት ነው።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ማዳም ልጆቿን ይዛ ስትወጣ እጅጌዬን ሰብስቤ ጀመርኩ። ሻወሩን በሙቁ እከፍትና እጄን ከሥሩ አድርጌ በልቤ አባታችን ሆይ እደግማለሁ። ሰዓት የለኝም፤ እናቴም ዕንቁላል የምትቀቅለው በዚሁ ልክ ነበር። "ወደ ፈተናም አታግባን" ጋ ስደርስ ውሃው ይቀዘቅዛል። የማድ ቤቱን መዝጊያ ዘጋሁ፤ ያው ነው። የልብስ ማጠቢያውን ዘጋሁ፤ ያው ነው። የማዳምን መታጠቢያ ቤት ዘጋሁ፤ እዚያው ፈተናው ላይ ቀዘቀዘ። ቤቱን ሙሉ ነቅዬም ቢሆን አገኝሃለሁ አልኩት።

ደክሞኝ ማማ መታጠቢያ ቤት የመጸዳጃው ክዳን ላይ ቁጭ አልኩ። ከጎኔ ግድግዳው ላይ ሸጣፉ ተንጠልጥሏል። ለመጸዳጃና ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱእ የሚጠቀሙበት፣ ጫፉን ሲጫኑት የሚረጭ የእጅ ቧንቧ ነው። ጠብታ ስለማይወጣው ከቁጥር አላስገባሁትም ነበር። ወደ እሱ የሚመጣውን የሙቅ ውሃ ቱቦ ብነካው፣ በረዶ! ቀና ብዬ መክፈቻዎቹን አየሁ። ሙቁም ቀዝቃዛውም ክፍት ናቸው። የተዘጋው ጫፉ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ውሃዎች እዚያ ይገናኙና ቀዝቃዛው በሙቁ መስመር ተመልሶ ወደ ሻወሩ ይሄዳል።

ማን እንደከፈታቸውም ወዲያው ትዝ አለኝ። እኔ ነኝ። ብርዱ ሲጀምር ማማ ለውዱእ እግራቸውን ሲያጥቡ ሲንቀጠቀጡ አየሁ። ጣታቸው መክፈቻ ማዞር ስለማይችል ሁለቱንም መጥኜ፣ ለብ አድርጌ፣ ከፍቼ ተውኩላቸው። ጫፉን መጫን ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው።

ሁለቱንም ዘግቼ ሻወሩን ከፈትኩ። አንድ አባታችን ሆይ፣ ሁለት፣ ሦስት። ውሃው ንቅንቅ አላለም። መጀመሪያ በደስታ ዘለልኩ፤ ቀጥዬ ራሴን ሰደብኩ።

ዝም ማለት እችል ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ማዳምም ሠራተኛው ያስተካከለው ይመስላት ነበር። ግን ካልተናገርኩ ነገ አንዱ መክፈቻዎቹን ከፍቶ ይተዋቸዋል፣ እሳቱም ይመለሳል። ደግሞስ አሮጊት አቃጥሎ ዝም ማለት ምን የሚሉት ነው!

ማማ ክፍል ገባሁ። ፊታቸውን አዞሩብኝ።

"ማማ፣ ያቃጠልኩዎት እኔ ነኝ" አልኩና የመክፈቻዎቹን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። "ከእንግዲህ ለውዱእ ሲነሱ ይጥሩኝ። እኔ እከፍታለሁ፣ ሲጨርሱም እኔ እዘጋለሁ።"

ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"ውሃውን ለብ ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ ማማ።"

"ልጄ መስላኝ ነበር" አሉ። "ብርዱ ከገባ ጀምሮ በየሶላቱ ለእሷ ዱዓ ሳደርግ ነው የከረምኩት።"

እንባዬ መጣ። እሳቸው አላዩኝም፤ ሻሻቸውን እየፈቱ ነበር።

"ያላ ያ ቢንቲ፣ በይ ልጄ፣ ሶላት ሳይደርስ እጠቢኝ" አሉ።