ለአራሷ ዳክዬ እልልታ

የእህቴ ልጅ ሳራ የጄኔቫን ሐይቅ ዳር ዳሩን ስታስኬደኝ አርፍዳ፣ ሸምበቆ መሃል ካለች የወፍ ማያ ጎጆ አስገባችኝ። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ካሜራ ደግነው ተቀምጠዋል።

«አክስቴ፣ ድምፅ እንዳታሰሚ። ሸምበቆው ውስጥ የተደበቀ ወፍ እስኪወጣ ሦስት ቀን ጠብቀዋል» አለችኝ በሹክሹክታ።

አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ታዲያ አንዲት ዳክዬ ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶቿን አስከትላ ብቅ አትልም? አራስ አይቶ ዝም ይባላል እንዴ? እልልታዬን አቀለጥኩት።

ሸምበቆው ተንኮሻኮሸና አንድ ትልቅ ወፍ ደንግጦ በረረ። ካሜራው ቀጭ ቀጭ አለ። ሽማግሌው ዞረው አፈጠጡብኝ፤ ለሳራም በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አሏት።

«ተቆጡ?» አልኳት።

«አይ፣ የወፉ ሚስት እዚያው ተደብቃ ቀርታለች፤ ይድገሙልኝ ነው የሚሉት።»