ጣት የማይፈልግ ሙዚቃ

አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት ቫዮሊን አስተማረ። ቤት ሲገባ ደግሞ በተረፈ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ አምስት አምስት መስመር እያሰመረ ሙዚቃ ይጽፋል። የጻፈውን መጀመሪያ የሚያየው ጋሽ ዝግታ ነው። እሱም ሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ቼሎ የሚባለውን ትልቅ ቫዮሊን ያስተምራል፤ ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። ሁለቱ በትምህርት ቤቱ አንዲት ጠባብ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው አረጁ። ያቺ ክፍል ዛሬም በጣም ትናፍቀኛለች። የቤት ሥራዬን የምሠራው እዚያ፣ ንትርካቸውን እየሰማሁ ነበር። ጋሽ ዝግታ "ይሄ ሁሉ ኖታ ምን ያደርጋል፣ ሠርግ ጠርተሃል እንዴ?" ይለዋል፤ አባቴ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል። እኔ ግን ከሁለቱ መሣሪያ አንዱንም አልተማርኩም፤ የአስተማሪ ልጅ ነገር እንዲህ ነው።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ጋሽ ዝግታን ስትሮክ መታው። ደጋን የሚይዘው ቀኝ እጁ ደህና ነው፤ ክር የሚጫነው ግራው ግን አልታዘዝ አለው። ቼሎውን አንሶላ አልብሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ስለ ሙዚቃ ከተነሳ ወሬ ይቀይራል።

አባቴ አምስት ወር ከጠረጴዛው አልተነሳም። ለቫዮሊንና ለቼሎ ጻፈ፤ ርዕሱ "ለወዳጄ" ነው። የቼሎው ድርሻ ጣት አይፈልግም፤ አራቱ ክሮች ሳይጫኑ በደጋን ብቻ ይመታሉ። በአራት ድምፅ ሙዚቃ መሥራት ቀልድ አይደለም። አባቴን የሚያስፈራው ግን ሌላ ነበር።

"አዘነልኝ ብሎ ካሰበ ዳግመኛ በሩን አይከፍትልኝም" አለኝ።

ገጽ ልገልጥላቸው አብሬው ሄድኩ። ጋሽ ዝግታ ወረቀቱን አየና ወዲያው ገባው። ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ አየና "ቼሎውን አምጪልኝ" አለኝ።

ጀመሩ። የቼሎው ድምፅ መጀመሪያ ሻከረ፣ ኋላ ግን ጠራ። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ቼሎው ቀጥ አለ።

"ይሄ ሚ ነው" አለ ጋሽ ዝግታ። ሚ የምትባለው ድምፅ ደግሞ በቼሎ ላይ ክሩን በጣት ካልተጫኑ አትወጣም።

አባቴን ላብ አጠመቀው። አምስት ወር ሙሉ ሲጠነቀቅ ከርሞ እዚያ ጋ እጁ በልማድ ጽፎታል።

"ይቅርታ አድርግልኝ፣ ረስቼው ነው። አሁን እሰርዘዋለሁ።"

"ምኑን ነው የረሳኸው?"

"እጅህን።"

ጋሽ ዝግታ ሳቀ፤ ከታመመ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። "እንዳትነካት። ከዚህ ሁሉ ለእኔ የጻፍካት እሷን ብቻ ነው፤ ሌላውን የጻፍከው ለበሽተኛው ነው" አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ነይ ልጄ፣ ጣትሽን እዚህ ጋ ጫኚ።"

ጫንኩ። እሱ ደጋኑን ሳበ፤ ክሩ ከጣቴ ሥር ነዘረ። ቀጥሎ የአባቴ ተራ ነበር፤ እሱ ግን ቫዮሊኑን አውርዶ ያለቅስ ነበር።