በመሃላችን የወደቀው ኳስ

የምሠራው መሃል ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። ሳሙና፣ ፓስታ፣ ዘይት እንሸጣለን። ባለቤቷን እትዬ እላቸዋለሁ። እትዬ ቆጡን ለማንም አያምኑም። ከላይ ዕቃ ሲፈለግ ራሳቸው መሰላል ወጥተው ይወረውራሉ፣ እኔ ከታች እቀልባለሁ። በአራት ዓመት አንድም ሳሙና መሬት አልነካብኝም። እሳቸው ግን መወርወር እንጂ መቅለብ አያውቁም፤ ይህ ኋላ ላይ ችግር ሆነ።

አምና ሐኪም እትዬን «ይንቀሳቀሱ» አላቸው። አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር አንድ የስፖርት አስተማሪ ቅዳሜ ከሰዓት ቤዝቦል የሚባል በዱላ ኳስ የሚመታበት ጨዋታ እንደሚያሰለጥን ሰሙና ሄዱ። እኔን የወሰዱኝ ውሃቸውን እንድይዝ ነው። ሜዳው ዳር ቆሜ ሳለ አንድ ኳስ ወደ ፊቴ መጣ፤ የውሃውን ላስቲክ በግራ እጄ እንደያዝኩ በቀኝ እጄ ቀለብኩት።

አሰልጣኙ እየሮጠ መጣ። «የት ተጫውተሽ ታውቂያለሽ?»

መሬት መሬት እያየሁ «ሱቅ» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃውን የሚይዝ ጠፋ።

አሰልጣኙ ስለ ሙሉ ተጫዋች ማውራት ይወዳል። አንዱ ይመታል ግን አይሮጥም፤ ሌላው ይሮጣል ግን የወረወረው ኳስ አጥር ያልፋል። ሙሉ የሚባለው ሁሉንም የሚችል ነው፤ መምታት፣ አርቆ መምታት፣ መሮጥ፣ መወርወር፣ መቅለብ። «እንዲህ ያለ ሰው በስልክ ቪዲዮ ነው እንጂ በዓይኔ አላየሁም» ይላል። በዓይኑ ማየት የፈለገው እኔን ሆነና ሁሉንም አንድ በአንድ ፈተነኝ። ውርወራዬን አይቶ የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቡሹሎ ነው ያደግኩት፣ ስድስተኛ ክፍል እስካቋርጥ ድረስ ከትምህርት ቤት መልስ ሥራዬ ከበቆሎው ጦጣ ማባረር ነበር። ጦጣ ደግሞ የሳትሽውን ድንጋይ ዞራ አይታ ነው የምትስቅብሽ። ዱላ መያዙንም የጥጥ ፍራሽ ሳራግፍ ለምጄዋለሁ። አርቆ መምታቱ ላይ ብዙም አይደለሁም፤ ፍራሽ ርቆ አይሄድም።

ባጃጁን አጥር ሥር አቁሞ ኳስ የሚወረውርልን ልጅ «ይቺ ዝምተኛ ሁሉንም ጨርሳ ለኛ ምን ልትተው ነው?» ይል ነበር።

የተውኩት ነገር ግን ነበር። አሰልጣኙ እኔንና እትዬን የቆዳ ጓንት አስጠልቆ ጎን ለጎን ከሜዳው ኋላ አቆመን። ተመቶ ወደ ላይ የወጣውን ኳስ መሬት ሳይነካ መቅለብ ነው ሥራችን። የመጀመሪያው ኳስ በመሃላችን መጣ።

«እትዬ፣ ይያዙት» አልኩ።

«ኧረ ግዴለም፣ አንቺ ያዢው።»

«ኧረ እርስዎ እያሉ?»

«በሞቴ።»

ኳሱ ዱብ አለ። ሁለታችንም ቆመን አየነው። ከዚያ ማን ጎንበስ ብሎ ያንሳ በሚለው ላይ እንደገና ተግደረደርን፤ እስከዚያ መቺው ሜዳውን ዞሮ ነጥብ አግኝቶ ውሃ ጠጥቶ ነበር።

«የኔ ብለሽ ጩኺ» ይለኛል አሰልጣኙ። እንዴት ብዬ? ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ የሳቸው ነው። እዚያ የኔ የምለው ጃንጥላዬን ብቻ ነው፤ እሱንም ዝናብ ሲመጣ ይዋሱኛል።

ከሻሸመኔ አንድ ቡድን ሊገጥመን ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው አሰልጣኙ ለብቻዬ ጠራኝ። «አንድ ኳስ ብቻ በመሃላችሁ ከወደቀ አንቺን ነው የማስወጣው። እሳቸውን ማስወጣት አልችልም» አለ። አልዋሸም። አሸዋ ሞልተን ሯጩ የሚረግጣቸው ቤዝ ያደረግናቸው የማዳበሪያ ከረጢቶች ከእትዬ ሱቅ የመጡ ናቸው።

አልቅሼ አደርኩ ብል ውሸት ነው፤ ግን እንጀራዬን ግማሹን ተውኩት። እስከዚያ ድረስ ማንም ሰው በሆነ ነገር ላይ «እሷ ትግባ» ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ጩኸት ልለማመድ በማለዳ ከከተማው ጥግ ያለው ሐይቅ ዳር ሄድኩ። ማንም እንደሌለ አይቼ «የኔ» አልኩ። አልተሰማም። ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ወጣ። ከቄጤማው ውስጥ አንድ ዓሣ አጥማጅ ቀና ብሎ አንድ ቆሮሶ ዓሣ አንጠለጠለ።

«የቱ ነው ያንቺ? ይሄን እኔ ነኝ ያጠመድኩት።»

ይቅርታ ብዬው ሮጥኩ። ሩጫ እችላለሁ አላልኳችሁም?

የጨዋታው ቀን ብዙ ሰው መጣ። አንድ ሽማግሌ ዱላውን አይተው «የገና ጨዋታ በሰኔ?» ሲሉ ሰማኋቸው። መጨረሻው ላይ በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር፤ አንድ ኳስ ብቻ ብንቀልብ አሸነፍን። የሻሸመኔው ልጅ መታውና ኳሱ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ልክ እንደለመደው ወደ መሃላችን መውረድ ጀመረ። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው እየመጡ ነው። እኔም እየሮጥኩ ነው። አፌን ስከፍት «የኔ» የሚለው ቃል የለም። የወጣው ሌላ ነው።

«እትዬ፣ ይቀመጡ!»

ያ ድምፅ የኔ መሆኑን ያወቅሁት አጥሩ ላይ የነበሩት ወፎች ሲነሱ ነው። እትዬም ሣሩ ላይ ዘፍ አሉ። ኳሱ በራሳቸው ላይ አልፎ ጓንቴ ውስጥ ገባ።

ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ ኳሱን ይዤ እሳቸውን አያለሁ። ሥራዬ አለቀለት ብያለሁ። እትዬ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው ቀና ብለው አዩኝ።

«ሱቅ ከከፈትኩ ስንት ዘመኔ ነው» አሉ፣ «ተቀመጪ ያለኝ ሰው የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

አሰልጣኙ እየሮጠ ደርሶ ኳሱን ከጓንቴ አውጥቶ ወደ ላይ አነሳ። ባጃጅ ነጂው ግን እትዬን እያየ «አሁን ማን ያነሳቸዋል?» አለ። ለሦስት አነሳናቸው።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስገባ ከባንኮኒው ኋላ አዲስ በርጩማ ቆሞ አገኘሁ። አንድ ብቻ ነው።

«ተቀመጪ» አሉኝ እትዬ።

«ኧረ እርስዎ ይቀመጡ።»

«በሞቴ።»

እስከ ምሳ ሰዓት ሁለታችንም እንደቆምን ነበርን።