ድንኳን ያጣው ጉባኤ

የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ የሚወጣውም የሚገባውም በእኔ ፊርማ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በፋብሪካ ግምጃ ቤት ስለሠራሁ ይሆናል፣ እድርተኛው ይህን ሥራ ለእኔ የተወው። ዕቃ ቤቱ ከቤቴ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ሌባ እንዳያማትር ተብሎ ያለ መስኮት ተሠርቷል።

የልጅ ልጄ እኔ ዘንድ ትኖራለች። የኮምፒውተርና የስልክ ጨዋታ ትሠራለች። መጀመሪያ ትጫወታለች እንጂ ትሠራለች ብዬ አላሰብሁም ነበር። አንድ ቀን ስልኳን ሰጠችኝ። አንድ ሰው በታንኳ ማገዶ ጭኖ ጣናን ያቋርጣል፣ ጉማሬ ከሥር ብቅ ይላል፤ በጣት እየነኩ ማምለጥ ነው። ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ማገዶው ሰመጠ።

"እማማ፣ ማዕበሉን ይጠብቁ እንጂ፤ ዝም ብለው አይቅዘፉ።"

"ከሰዓት በኋላ በዚህ ነፋስ ማን ማገዶ ጭኖ ይወጣል? በጠዋት መነሣት ነበረበት" አልኋት።

ስልኳን ተቀብላኝ ሄደች። በማግስቱ ግን ታንኳው በጠዋት ሲነሣ አየሁ።

እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ከአዲስ አበባም፣ ከጎንደርም፣ ከሐዋሳም ተጠርተው ባሕር ዳር ላይ ጉባኤ ይቀመጡ የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው እሷና አራት ጓደኞቿ ናቸው። ከዚያ በፊት በከተማችን እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ የድርጅት ባለቤት ሥራቸውን አይቶ አብሮት የሚሠራ ሰው ይመርጣል ተባለ። ካልተሳካ ልብሷን ይዛ አዲስ አበባ ገብታ ሥራ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እንዳሻሽ አልኋት።

ሁለት ወር ሙሉ ሲሯሯጡ ከረሙ። ፕሮጀክተር ከአንዱ፣ ጄኔሬተር ከሌላው ተዋሱ። ማን ቀድሞ ይናገር በሚለው ተኳረፉ፤ ታረቁ። ፕሮግራሙን በሩብ ሰዓት በሩብ ሰዓት ከፋፍለው ጽፈው አሳዩኝ። እኛ አገር በሩብ ሰዓት ሰላምታም አያልቅ ብዬ ነበር፤ ሳቁብኝና እንዳለ አሳተሙት።

ጉባኤው ሦስት ቀን ሲቀረው የተከራዩት አዳራሽ ባለቤት ደወለ። አዳራሹ ለሌላ ስብሰባ ተፈልጓል። ሰዎቹ ትኬታቸውን ቆርጠዋል። ልጅቱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፍታ እራቷን ሳትበላ ተኛች።

ጠዋት ድንኳኑን ልለምን የእድሩ ሰብሳቢ ዘንድ ሄድሁ። በጨርቅ ንግድ የሚተዳደሩ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። ለእኔ ብዬ ከእድሩ ምንም ጠይቄ ስለማላውቅ ትንሽ ገረማቸው፤ ሆኖም ኮሚቴውን ጠሩ። ሁሉም ሲስማሙ አንድ ሰው አልስማማም አሉ። በወጣትነታቸው በጎርጎራ መርከብ ላይ የሠሩ፣ እድሩን ካቋቋሙት መካከል በሕይወት የቀሩ ሽማግሌ ናቸው።

"ድንኳኑ የተገዛ ለለቅሶ ነው። ቅዳሜ እኔ ብሞትስ?" አሉ በከዘራቸው መሬቱን እየቆረቆሩ።

"አያ፣ እርስዎማ እኛን ሁሉ ቀብረው ነው የሚሞቱ" አሉ ሰብሳቢው። ሳቅ ሆነ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። ቃላቸውን ግን አላነሡም። በመጨረሻ ሰው ከሞተ ድንኳኑ ወዲያው ይመለሳል ተብሎ ተወሰነ። ይህንኑ በውሰት ወረቀቱ ላይ ጻፍሁ፤ የልጅ ልጄም ሳታነብ ፈረመች።

ዓርብ ዕለት ከሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ድንኳኑ ተተከለ፤ አግዳሚው ተደረደረ። ልጆቹ መግቢያው ላይ ባለ ቀለም ወረቀት ሰቀሉ። ከመንገድ ያየ ሰው ሠርግ ነው ብሎ ያልፍ ነበር።

ቅዳሜ ገና ወፍ ሲንጫጫ ጥሩምባው ተነፋ። ነፊው በራችን ሲደርስ የጠራው የእኒያን ሽማግሌ ስም ነው። እንደተኙ ነው ያረፉት።

ልጅቱ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች ወጣች።

"እማማ፣ እድሩ ሌላ ድንኳን የለውም?"

"አንድ ነው።"

"እስከ ምሳ ብቻ ቢቆይስ?"

"ፈርመሻል።"

አየችኝና ተመልሳ ገባች። ልታለቅስ መሰለኝ። ሸራ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤ ጓደኞቿ ዘንድ እየደወለች ወደ ሜዳው ሄደች። ስደርስ ካስማ እየነቀሉ ነበር። እንግዶቹም ሻንጣቸውን እንደያዙ መድረስ ጀመሩ። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለ ድርጅት ኮቱን አውልቆ ምሰሶ በትከሻው አነሣ።

"ይሄ ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም" አላት።

"ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጅ" አለችው።

ሁለት ሰዓት ፈጀ። ድንኳኑን ሐዘንተኞቹ ቤት ተክለን ስንመለስ ፕሮጀክተሩን ሜዳው ላይ ካለው ዋርካ ሥር ሞከሩት። ጠዋቱ ብሩህ ስለነበር ከምስሉ ምንም አልታይ አለ። አንዱ ጎንደሬ ወጣት "እንግዲህ ጋቢ ተከናንበን እንየው" ቢል ማንም አልሳቀለትም።

እኔ የቀረውን ድስት ለለቅሶው ላወጣ ዕቃ ቤቱን ከፍቼ ነበር። ልጅቱ ድስት ልታግዘኝ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሳህኑ ሁሉ ወጥቶ ከጥቂት ድስት በቀር ውስጡ ባዶ ነው።

"እማማ፣ እዚህ ውስጥ ድቅድቅ ጨለማ ነው።"

"ሌባ እንዳያማትር ነው" አልሁ።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችና ጓደኞቿን ጠራች። ነጭ አንሶላዬን ከግድግዳው ላይ በምስማር መቱት። ጄኔሬተሩን ደጅ አቆሙት። ለጥገና የቀሩትን የተበሱ ድስቶች ደፍተው ተቀመጡባቸው፤ ሌላው ጀሪካን ላይ፣ ሌላው ሰሌን ላይ ሆነ። ባለ ድርጅቱ ትልቁ ድስት ደረሰው። ቦታ ያጡት ግቢዬ ካለው ማንጎ ሥር ተራ ይዘው ጠበቁ።

እኔ ለቅሶ መሄድ ነበረብኝ። ዕቃ ቤት ሲከፈት ከበሩ መለየት ልማዴ አይደለም፤ በፋብሪካውም ቢሆን ቁልፍ ለሰው ትቼ አላውቅም። ልጅቱ መብራቱን ስታስተካክል ጥቂት አየኋትና ቁልፉን በሩ ላይ ትቼ ሄድሁ። ስለዚህ ምን እንደተናገረች አልሰማሁም፣ ታንኳዋን እንዴት እንዳሳየች አላየሁም። በድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ጆሮዬ ጄኔሬተሩ ዘንድ ነበር። ሳይቋረጥ ሲያጓራ ዋለ።

ከቀብር መልስ ሁሉም አንድ ላይ ለቅሶ መጡ፤ የጉባኤውን የስም ባጅ አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ። የሟቹ ባለቤት ዓይናቸው ደከም ያለ ነው።

"እናንተ የማን ዘመዶች ናችሁ?" አሏቸው።

"የድንኳኑ" አለ ያው ጎንደሬ።

ሴትዮዋ ነገሩን ሰምተው ኖሮ "እንግዲያው ወግ ነው፣ ተቀመጡ" አሉ፤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈን አድርገው። ባለ ድርጅቱ የሟቹ የመርከብ ባልንጀራ ከነበሩ አዛውንት አጠገብ ተቀመጠ። ጉማሬ ከውኃው የሚወጣ በጠዋት ነው ወይስ በማታ እያለ ሲጠይቃቸው ሰማሁ። አዛውንቱ ወዲያውም አልጨረሱለት። የልጅ ልጄ ከወዲያ አግዳሚ ላይ ሆና በስልኳ ትጽፍ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቅሎ ዕቃው ተመለሰ። ልጅቱ ልታግዘኝ መጣች። ዝርዝሩን ይዤ አንድ በአንድ እየጠራሁ፣ እሷ እያስገባች፣ ድስቶቹ ዘንድ ስንደርስ ሰውየው መደወሉን ነገረችኝ። የታንኳውን ጨዋታ እዚሁ ሆና እንድትጨርስለት ይፈልጋል።

"አዲስ አበባ መሄዱ ቀረ ማለት ነው?" አልኋት ከወረቀቱ ቀና ሳልል።

"ቀረ።"

"እንግዲያውስ ያን አግዳሚ በወዲያ ጫፉ ያዥ" አልኋት።